ለማዳም ሳሪታ በሂንዲ የጻፍኩት

ሰኞ

ዛሬም አልነገርኳትም። የስፌት መስመራችን ተቆጣጣሪ ማዳም ሳሪታ ቅዳሜ ወደ ህንድ ልትመለስ ነው። ያሰናበቷት ልካቸው ተሳስቶ በተሰፉ ሸሚዞች ምክንያት ነው። ልኩን የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲጮህባት አጠገቧ ቆሜ መሬት መሬቱን አየሁ።

በምሳ ሰዓት ልናዘዝ ሄጄ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ፤ «ፊደላችሁን አስተምሪኝ» አልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ «ላስተምርሽ» ስትለኝ እስቅ ነበር። ደስ አላት። ደስታዋ አንገበገበኝ።

ማክሰኞ

ፊደሎቹ ከላይ በተሰመረች መስመር ላይ ተንጠልጥለዋል። እንደኛው ካ፣ ኪ፣ ኩ እያሉ በምልክት ይለዋወጣሉ፤ ይሄ ቀለለኝ። አጭሯ «ኢ» ግን ከፊደሉ በፊት ተጽፋ ከኋላው ትነበባለች! «መ» እና «ብሃ» ደግሞ መንትያ ናቸው። ስንቴ ተሳሳትኩ። «አይዞሽ፣ ቀስ» ትለኛለች።

የቻልኩት፦ ስሜን። ስሟን። ውሃ።

ረቡዕ

እህቴ ደብተሬን አይታ «ህንድ ልትሄጂ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። «እንጀራሽን እንዳታጪ፣ ዝም በይ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እኔም ለራሴ ያልኩት እሱኑ ነው።

ሐሙስ

«ጥፋት በሂንዲ ምንድን ነው?»

«ጋልቲ።»

ጻፈችልኝ። ቀጥዬ «የእኔ»ን ጠየቅኳት። ከዚያ «ነበር»ን። ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ሳስበው፣ ያኔ ሳይገባት አልቀረም።

ዓርብ

ሰጠኋት። ሦስት ቃል፦ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አነበበችው። እስክሪብቶ አውጥታ «መ»ዋን አረመችልኝ፤ ዛሬም «ብሃ» አድርጌያት ኖሯል። ይቅር እስክትለኝ ስጠብቅ «ቢሮ ውስጥ ይህን ማን ያነባል?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እኔ ብቻ። አንቺ በአማርኛ ጻፊ። ለሥራ አስኪያጁ ስጪ።»

ወረቀቱን መለሰችልኝ። አላቀፈችኝም።

ቅዳሜ

ከሂንዲው አማርኛው ከበደኝ። አራት ወረቀት ቀደድኩ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ አነበበውና «ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ? ሴትዮዋ እኮ ጠዋት ሄደች» አለኝ።

ለምን ሰኞ አልጻፍኩትም? ሰኞ እዚሁ ነበረች።

«ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ጻፉላት፤ እዚያ ሥራ ስትፈልግ ይጠቅማታል» ብዬ ለመንኩት።

«ይታያል» አለ። በእኔ ላይ የሚወስነውንም የፊታችን ሰኞ ሊነግረኝ ነው።

ማታ በስልክ «ሰጥቼዋለሁ» ብዬ ላክሁላት። አይታዋለች። እስካሁን አልመለሰችልኝም።