ጣርማ በር ዳገት ላይ ስለቀረው «ብቁ» ሞተር

ለቆላው መስመር ተሽከርካሪዎች ቁጥጥር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር ፳፻፮ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የሮቢት ሙቀትም እንደ ልማዱ ነው፤ ቢሮዎ ማቀዝቀዣ ስለተገጠመለት ይህንን ሰው ካልነገረዎ ላያውቁት ይችላሉ ብዬ ነው የጠቀስኩት።

ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ሐምዲያ ሰዲቅ እባላለሁ፤ ድሮ ፊዚክስ አስተምር ነበር፣ ዛሬ ሽንኩርት እነግዳለሁ፣ አንዲት አሮጌ ፒክአፕም ራሴ እነዳለሁ። ፒክአፗ ሜዳው ላይ ምንም እንከን አይወጣላትም ነበር፤ ከደብረ ሲና በላይ የጣርማ በርን ዳገት ስትጀምር ግን ሞተሯን የሚያዘው ኮምፒውተር የአየሩን መሳሳት እንደ ብልሽት ይቆጥርና ናፍጣ ይቀንስባታል። መኪና ዳገት ላይ ሲለግም የእኛ ወግ ይታወቃል፤ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ አንዱ የእንጨት ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ስር እየወሸቀ በእግሩ ይከተላል። ይህ ወግ ስለሰለቸኝ ያገለገለ ላፕቶፕና ገመድ ገዝቼ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን የናፍጣና የአየር ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከልኩ፣ የሞተሩን ሙቀትና የጭሱን መልክ እያየሁ፣ ያንኑ ዳገት ስመላለስ ከረምኩ። በመጨረሻ መኪናዬ ታኮ ሳትፈልግ መውጣት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ በወረዳችን በቀወት ሰው ታሞ አምቡላንስ ሲታጣ የሚንኳኳው የእኔ በር ሆነ።

አቤቱታዎቼን ለግምገማ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ሐምሌ፣ በግምገማ ላይ «ቁጥጥር አላጠናከሩም» ተብለው በተተቹ ሰሞን፣ ባለሙያዎን ልከው መኪናዬን ስላስፈተሹልኝ አመሰግናለሁ። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍተው፣ ግራ ቀኙን ተመልክተው፣ ምንም ስላላዩ «የማይታይ ለውጥ ተደርጎበታል» ብለው ወሰኑ። ሞተሩን አስነስተው አላደመጡትም፣ ጭሱን አልለኩትም፣ ዳገት ላይማ ጭራሽ አልነዱትም። ሰሌዳዬን ሊፈቱ ሲሉ መፍቻ አልያዙም ነበርና የገዛ ካቻቢቴዬን ተውሰው፣ የገዛ ሰሌዳዬን ፈትተው፣ ሁለቱንም ይዘው ሄዱ። እንዲህ ያለው ወጪ ቆጣቢ አሠራር ተቀምሮ ለሌሎች ጽሕፈት ቤቶች በተሞክሮነት ቢሰፋ መልካም ነው።

፪ኛ. ሞተሩ «ወደ ፋብሪካ ጠባዩ» ካልተመለሰ ሰሌዳው እንደማይሰጠኝ ስላሳወቁኝም አመሰግናለሁ። ያንን ጠባይ የሰጡት ሰዎች የጣርማ በርን ዳገት በሕልማቸውም አያውቁትም፤ እርስዎ ግን ያውቁታል፣ ለስብሰባ ይመላለሱበታል። ቁጥጥር አያስፈልግም አላልኩም፤ ናፍጣ ያለ ልክ እየለቀቀ መንገዱን በጥቁር ጭስ የሚሞላ፣ የሰው ሞተር የሚያቀልጥም አለ። እሱን ይያዙልን፤ ጭሱንም ሙቀቱንም ይለኩ፣ ዳገት ላይ አውጥተው ይፈትኑን ብዬ ልለምንዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ስብሰባ ላይ ነበሩ። እንደገና መጣሁ፤ እንደገና ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሽንኩርቴ መጋዘን ውስጥ መበስበስ ሲጀምር የድሮዎቹን ቁጥሮች መለስኩ፤ ሰሌዳዬም «ብቁ» ከሚል ማረጋገጫ ጋር ተመለሰልኝ። ካቻቢቴዬ አልተመለሰም።

፫ኛ. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅርታ ያድርጉልኝ። በጥቅምት ወር፣ ጀይላን የሚባል፣ ሽንኩርት የምገዛው ገበሬ ማሾ ሲለቅም እባብ እግሩን ነደፈው። አምቡላንሷ ሌላ በሽተኛ ይዛ ወጥታ ስለነበር ሚስቱ ዘምዘም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይዛው መጣች። የመርዙ ማርከሻ የሚገኘው ደጋ ካለው ሆስፒታል ነበርና ይዤው ወጣሁ። ከደብረ ሲና በላይ የእርስዎ «ብቁ» ሞተር የማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርቶ ለገመ። ጀይላንን ውስጥ ትተን፣ እኔ መሪውን በመስኮት ይዤ፣ ወርደን ገፋን። ዘምዘም ታኮውን ተሸክማ፣ ጫማዋ ተበጥሶ በባዶ እግሯ ከኋላ ተከተለች። ጀይላን እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ፣ በላብ ተጠምቆ፣ «እትዬ ሐምዲያ፣ ይቺ መኪና እንዲህ አልነበረችም እኮ፤ ምን ነካት?» አለኝ። ምን እንደነካት ልነግረው አፈርኩ።

ነጯ የመስክ መኪናዎ በአጠገባችን ሽው ብላ ያለፈችው ያን ጊዜ ነው። እንዲቆሙልን እጄን ባወዛውዝ፣ እርስዎም ከኋላ ወንበር እጅዎን አወዛወዙልኝ። ስለ ሰላምታው ከልብ አመሰግናለሁ። ኋላ እንደሰማሁት ይቸኩሉ የነበረው ለመልካም አስተዳደር ስብሰባ ነውና መዘግየት አይገባዎትም ነበር።

በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጀይላንን ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ አደረሰው። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ቢሆን ኖሮ» ብለው የቀረውን ዋጡት። ጀይላን ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። በአንድ እግር እርፍ ተይዞ አይታረስም። በሬዎቹን ዘምዘም ገበያ አውጥታ ሸጠቻቸው፤ እሱ ሲወጡ ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ክቡር ሆይ፣ እኔ ተናድጃለሁ። በዚህ ጨዋ ቋንቋ የምጽፍልዎም ሌላው በጋዜጣ ስለማይታተምልኝ ብቻ ነው።

፬ኛ. አራተኛውን አቤቱታ ጀምሬ ተውኩት። ስለ ወረፋውና ስለ አስተያየት መስጫ ሳጥኑ ነበር፤ ከሦስተኛው በኋላ ስለ ሳጥን ማውራት ጀይላንን መናቅ ሆነብኝ።

በምትኩ የማሳውቅዎ፣ ዛሬ ጠዋት ላፕቶፔን አውጥቼ የራሴን ቁጥሮች ወደ ሞተሩ መመለሴን ነው። ከእንግዲህ የታመመ ሰው ይዤ የምወጣው በእነሱ ነው። መኪናዋ ደጄ ላይ ቆማለች፣ ሰሌዳዋም በቦታው ነው። ባለሙያዎ ሊፈቱት ሲመጡ ጀይላንን በረንዳዬ ላይ ክራንቹን ይዞ ተቀምጦ ያገኙታል፤ ለምን እንደሚፈቱት ለእሱ ያስረዱልኝ፣ እኔ ማስረዳት አቅቶኛል።

ሥልጣንዎ የፋብሪካ ጠባዩ ሳይነካበት፣ ዳገትም ሳያይ እንዲዘልቅ የምትመኝ፣ ከመኪና መስኮት በተቸራት ሰላምታ እስከ ዛሬ የምትብሰለሰል፣

ሐምዲያ ሰዲቅ
ከሸዋ ሮቢት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነጯ መኪና ያን ቀን ለምን እንዳልለገመች ግር ለሚላቸው አንባቢዎች፦ የእኔ ሰሌዳ ከመፈታቱ በፊት በነበረው ግንቦት ክቡርነትዎ ራስዎ ደጄ ድረስ ይዘዋት መጥተው፣ ማንጎ እየበሉ ጠብቀው፣ የእሷንም ቁጥሮች ለዚያው ዳገት አስተካክዬልዎት፣ እጄን ጨብጠው አመስግነውኝ ሄደዋል። ሕግ ለሁሉም እኩል ነውና ካቻቢቴዬን ይላኩልኝ፤ የእርስዎን ሰሌዳ እኔው መጥቼ እፈታዋለሁ።