ማስገልበጥን እምቢ ያሉት መምህርት ትርሲት ደበሌ

መምህርት ትርሲት ከአባታቸው ከአቶ ደበሌ ንዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለምዘውድ ሳህሌ፣ ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቡታጅራ ተምረው በ1980 ዓ.ም. መምህራን ኮሌጅ ገቡ።

በመጀመሪያው ዓመት ከኮሌጁ ሊባረሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። መምህሩ የሚናገሩትን ቃል በቃል ለመጻፍ ሲሽቀዳደሙ እጃቸው ይዝላል፤ ሐሳቡ ግን ያመልጣቸዋል። ለፈተና ደብተራቸውን ሲገልጡ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ልማዳቸውን ለወጡ። መጀመሪያ ያዳምጣሉ፤ ሲገባቸው በራሳቸው አባባል አሳጥረው ይጽፋሉ፤ ያልገባቸውን በገጹ ጠርዝ ላይ ጥያቄ አድርገው ያሰፍራሉ፤ ከክፍል እንደወጡም ደብተሩን ዘግተው ያስታወሱትን ለራሳቸው ያወራሉ። በዚህ መንገድ በማዕረግ ተመረቁ።

በ1983 ዓ.ም. ወልቂጤ ተመድበው ታሪክ ማስተማር ጀመሩ። በ1987 ዓ.ም. ከአቶ ነብዩ ሀብቴ ጋር በቅዱስ ተክሊል ተጋብተው ኪዱንና አደይን አፍርተዋል።

መምህርት ትርሲት ሰሌዳ ሞልቶ ማስገልበጥን አይወዱም ነበር። አስረድተው ሲጨርሱ «እኔ ያልኩትን ተወው፤ አንተ የገባህን ንገረኝ» ይላሉ። ከእምድብርና ከጉንችሬ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ አማርኛው የሚከብዳቸው ልጆች ማስታወሻቸውን በጉራጊኛ ሲይዙ ያበረታቷቸው ነበር።

ጥፋት የተባለው ይህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ተቆጣጣሪዎች መጥተው የተማሪዎችን ደብተር ሰበሰቡ። የገጹን ብዛት አዩ እንጂ የተጻፈውን አላነበቡም። ደብተሩ ቀጭን ነውና «አላስተማሩም» ብለው ጻፉባቸው። መምህርት ትርሲት «ልጆቹ እኮ እዚህ አሉ፤ ጠይቋቸው እንጂ!» ቢሉም የሚሰማቸው አልተገኘም። አንድም ተማሪ ሳይጠየቅ ከክፍል ተነሥተው የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ ተደረጉ። ወረቀቱ «የሥራ ምደባ» ይለዋል። እኛ ቤተሰቦቻቸው ግን ውርደት ነው እንላለን።

ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ እየመጡ መማራቸውን ቀጠሉ። ከመካከላቸው በዚያ ቁጥጥር ቀን «ደብተርሽ ባዶ ነው» ተብላ ክፍል ፊት እንድትቆም የተደረገችው ሰልሚያ ከድሮ ዛሬ ሐኪም ናት። በ2015 ዓ.ም. እነዚያው ሰዎች «ተማሪው የተማረውን ለምን አያስታውስም?» ብለው ስብሰባ ጠሩ፤ ስለ ማስታወሻ አያያዝም ሥልጠና አዘጋጁ። መምህርት ትርሲት በዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። ግቡ ያላቸው የለም።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ዶክተር ሰልሚያ ሲያስታምሟቸው ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሁለት ልጆች እናትና የአንዲት ልጅ አያት ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤታቸው የምስጋና ምስክር ወረቀት ተልኮልን በዚህ ሥርዓት ላይ እንዲነበብ ተጠይቀናል። አይነበብም። በሕይወት ሳሉ አንዲት ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያላዳመጣቸው፣ በአስከሬናቸው ፊት የሚናገረው ነገር የለውም። ለቅሶ ለመድረስ የመጣችሁትን ሁሉ ግን፣ ከየትም ሁኑ፣ እናመሰግናለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሰው የነፈጋቸውን ፍርድ እርሱ ይስጣቸው። የቀረነውንም ቁጣችንን ያብርድልን፤ ዛሬ ገና አልበረደም።