ሦስት ሺህ ሰው የዘፈነው ስህተት

ለናፈቅኸኝ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የማድራስ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ሺሎንግ ደህና ነን። ዝናቡም ይዘንባል፣ ሰዉም ሐሜቱን አልተወም። እማዬ በሰማንያ አራት ዓመቷ አፏን የሚያቀላውን የኩዋይ ፍሬዋን እያኘከች ሰፈሩን ሁሉ ትቆጣለች። ለጤናዋ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው፤ ወንበር ፈልግ። የምጽፍልህ ስለ ቅዳሜው ኮንሰርት ነው፤ ስለ ባንድህ። አዎ፣ ባንድህ አልኩ። ተቆጣ እንግዲህ!

አርባ ዓመት ሙሉ በየደብዳቤህ አንድ ነገር ትመላለስበታለህ፦ «ከተማው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እናቴ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አልሰማችኝም»። የመጨረሻው ኮንሰርትህ ቀን እማዬ «ጊታርና የኔ ቤት አብረው አያድሩም፤ እኔ የመዘምራን ልምምድ አለብኝ» ብላህ መውጣቷ እውነት ነው። የእንግሊዞቹን የባቡር ዘፈን ስትጫወት፣ ለብቻህ የምትጫወተው የጊታር ሶሎ መሃል ላይ ጣትህ አንሸራቶህ አንዱ ድምፅ ከቦታው ዘሎ መውጣቱም እውነት ነው። በማግስቱ ጊታርህን ትተህ አውቶቡስ ተሳፈርክ። የከተማችንን ወሬ አልሰማም ብለህ ጆሮህን የደፈንከውም ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ግን ትሰማኛለህ።

ያን ቀን አንድ ሰው በካሴት ቀድቶህ ነበር። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ሲገለበጥ ያልደረሰበት ቤት የለም። የእንግሊዞቹ ሸክላ ብርቅ ስለነበር ከተማው ዘፈኑን ያወቀው ካንተ ነው፤ ከነስህተትህ። ጊታር የያዘ ሁሉ ሶሎውን የተማረው ከዚያ ካሴት ነው። ዛሬ ዋናውን ሸክላ የሚሰማ የሺሎንግ ልጅ «ውይ፣ ይሄኛውስ ተበላሽቷል» ይላል! ባለፈው ከጉዋሃቲ የመጣ አንድ ጋዜጠኛ «ያቺ ድምፅ እኮ ስህተት ናት» ብሎ ሊያስተምረን ቢቃጣው፣ የታችኛዋ ጎረቤታችን ኮንግ ቴይሊን «ስህተቱ የእንግሊዞቹ ነው የኔ ጌታ፤ እኛ አርመንላቸዋል» ብላ አፉን አስዘጋችው።

ካሴቱ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሶሎው እንዳለቀ አንዲት ሴት «የኔ ነው!» ብላ ትጮኻለች። ይኸው ልማድ ሆኖ ቀረ። ዘፈኑ የትም ይዘፈን፣ ሰርግ ላይም ቢሆን፣ ሶሎው ሲያልቅ ሰው ሁሉ «የኔ ነው!» ካላለ ዘፈኑ እንዳለቀ አይቆጠርም። ቅጂው በቅጂ ላይ እየተደራረበ ስለተንሻፈፈ ድምፁ የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ኮንግ ቴይሊን ግን «እኔ ነኝ፤ ያኔ ልቤ ወድቆለት ነበር» እያለች ባሏን አርባ ዓመት በቅናት አቃጥላዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታዲያ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጢም አለ። ሦስት ሺህ ሰው ቢሉህ እመን። እማዬ «ነፋስ ልቀበል ብዬ እንጂ ለጩኸቱ አይደለም» ብላ ጃንጥላዬ ስር ገባች። ዘፋኛችሁ ባህ ክሪመን ሰባ ሊሞላው ነው፤ ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ግን በስንጥቁ በኩል እሳቱ ይታያል! ባንተ ቦታ ጊታር ይዛ የቆመችው ሴት ልጁ ኢባንሪ ናት። ከበሮው ሲጀምር ደረቴ ውስጥ ሌላ ልብ የተጨመረልኝ መሰለኝ። እኔ ሁልጊዜ የምለው ነው፦ ሸክላ ላይ ያለ ዘፈን ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ መድረክ ላይ ያለው ግን ዝናብ እየመታ፣ ነፋስ እየገፋው ያደገ ነው።

የባቡሩ ዘፈን ደረሰ። ኢባንሪ የሶሎውን የመጀመሪያ ድምፅ እንደነካች መብራቱ ድርግም! ጊታሩም ማይኩም ዝም። መብራት የማይፈልገው ከበሮው ብቻ ቀረ። ባህ ክሪመን አፉን እንደከፈተ ቆመ። እኔም «ይሄ ዘፈን ዛሬም ሊያዋርደን ነው» አልኩ በልቤ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሶሎውን በአፉ ጀመረው። ከጎኑ ያለው ተቀበለው፤ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ ሜዳው። ወንድሜ፣ ሦስት ሺህ ሰው በዝናብ ውስጥ ጊታርህን በጉሮሮው ተጫወተ! ያቺ ጣትህ የተንሸራተተባት ቦታ ደረሰች። ሁሉም እኩል ዘለሉ፤ ያችው ያንተ ድምፅ። ትክክለኛውን የዘፈነ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ጺማቸው የሸበተ ወንዶች ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሳቁብኝ ትላለህ፤ ይኸው፣ በቃላቸው ይዘውህ ነበር።

ሶሎው አለቀ። ሰው ሁሉ ሊጮኽ ትንፋሹን ሲስብ፣ አንድ ድምፅ ቀደመ፦ «የኔ ነው!»

ጎርነን ያለ፣ ካሴቱ ላይ ያለው ራሱ፣ ያረጀ ብቻ። ሜዳው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ኮንግ ቴይሊን ጃንጥላዋ ከእጇ ወደቀ፤ ባሏ አርባ ዓመት ያልሳቀውን ሳቅ ሳቀ።

ድምፁ የወጣው ከኔ ጃንጥላ ስር ነው። እዚያ ስር የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ ስለነበር አልጮኽኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ «ለመሆኑ ያኔ የመዘምራን ልምምድ አልነበረብሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ዝናቡ እየጠነከረ ነው፤ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ» አለችኝ። ትናንት ግን ከመኝታ ክፍልህ ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ለማን ነው ብላት «ፍራሽ ፀሐይ አይወድም እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። ፀሐዩ ደግሞ እንደምታውቀው እዚህ ብዙ አይቆይም።

ጉልበትህን አምላክ ያጽናልህ፤ መንገዱን ጎርፍ አይቁረጥብህ፤ ጣቶችህ ይባረኩ፣ ያንሸራተተህም ጣት ጭምር።

ጃንጥላ ያዥዋ ታናሽ እህትህ