«ናቻ» ብሎ ስለታሰረው አሻጋሪ

ለተከበሩ ጓድ አምባዬ፣ የአብዮት በዓል የወንዝ ጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጤናዎ እንዴት ነው? የጠጡት የአዋሽ ውሃ ከሆድዎ ጨርሶ ወጥቶልዎት እንደሆነ ከልብ እጠይቃለሁ። እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች፣ ከታሰረው ከወዬሳና ከሞቱት በቀር፣ ደህና ነን።

ይህን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ስላላስገቡኝ ነው። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የለየሁት፤ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ያርሙልኝ። ነገሩ ግን አይታረምም።

አንደኛ፣ በመስከረም፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ከሶደሬ እስከ መርቲ አራት ቀን በታንኳና ካያክ በሚሏት ጠባብ ጀልባ ለመውረድ መነሳትዎን አደንቃለሁ። ውሃው እስኪጎድል ይቆዩ ብዬ ብለምንዎት «ሽማግሌው፣ ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር አውለናል» ብለው ጓዶችዎን አሳቁብኝ። አዞው ግን ከስብሰባው ቀርቶ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ በሦስተኛው ቀን መሻገሪያችን ጋ ስትደርሱ፣ ሰው በገመድ የሚያሻግረው ጎረቤቴ ወዬሳ አዞ ወደ ውሃው ሲገባ አይቶ «ናቻ! ናቻ!» ብሎ ጮኸ። ናቻ በኦሮምኛ አዞ ነው። እርስዎ «ና» የሚለውን ብቻ ሰምተው ጀልባዎቹን ወደ እኛ አዞሯቸው። እኔም በአማርኛ ይሻላል ብዬ «አዞ! አዞ!» አልኩ፤ «አይዞህ» ያልኩ መስሏችሁ ሁላችሁም ግራ እጃችሁን ጨብጣችሁ አነሳችሁ። ጓድ ነገሪ እጁን ሳያወርድ አዞው ከነጀልባው ገለበጠው፤ ከእርሱ የተመለሰልን ቀይ ውሃ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጀግንነትዎ ምስጋና ይገባዎታል። በክላሽዎ ሠላሳ ጥይት ተኮሱ። አዞውን አንዱም አልነካውም፤ ሦስቱ ከፊትዎ ይቀዝፍ በነበረው በጉደታ ጀርባ ገቡ። በሪፖርትዎ አዞ ገደለው ብለዋል። ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አዞ ሲነክስ ሦስት ክብ ቀዳዳ እንደሚያበጅ በስተርጅና ከእርስዎ ተማርኩ።

አራተኛ፣ በግርግሩ የቀሩት ጀልባዎችም ተገልብጠው ውሃው ውስጥ ስትወድቁ፣ ወዬሳ የመሻገሪያውን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባና ሰባት ሰው አወጣ። ሰባተኛው እርስዎ ነበሩ፤ በጸጉርዎ ጎትቶ። ጉልበቱ ላይ ተኝተው ውሃውን ተፍተው ሲያበቁ «ና እያለ ለአዞ የጠራን አድኃሪ!» ብለው በዚያው ገመድ አሳሰሩት። እርጥብ ገመድ ሲደርቅ ሥጋ እንደሚበላ አያጡትም። ሚስቱ ኢፍቱ እስር ቤት ስንቅ ስታደርስ ሁለት ሰው ደግፎት አይታዋለች፤ ውስጥ እግሩ ተገርፎ ተልጧል።

እንግዲህ ፍርድዎ እንዳይጎድል እለምናለሁ። «ና» ያለ ከተገረፈ፣ «አይዞህ» ያለው ለምን ይቀራል? ወይ ወዬሳን ይፍቱ፣ ወይ እኔን ከጎኑ ያስሩ። ቤቴን ያውቁታል፤ በሩንም አልዘጋሁትም።

በዕድሜ አባትዎ የምሆን፣ በጀግንነት ግን ከእግርዎ ሥር የማልደርስ፣

ጆቴ ሁንዴ፣ ከመሻገሪያው

ማስታወሻ፦ ለከርሞው በዓል እንደገና በወንዙ ሊወርዱ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። መንገዱ ይቅናዎት። አሻጋሪው እርስዎ ዘንድ ነው፤ ገመዱም እርስዎ ዘንድ ነው። አዞው እዚሁ አለ። እኛም በየትኛውም ቋንቋ አንጮህም።