ፍልሰታ በአይብ አገር

ስምሬ የኔ ቆንጆ፣

የስዊዘርላንዱን መንገድ ተራራ በተራራ አብረን ስንመርጥ ፍልሰታን እንዴት ረሳነው? ዛሬ አንዱ ተራራ ጫፍ ላይ የተከራየሁትን መኪና ፓርክ አድርጌ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ የቀለጠ አይብ ድንቼ ላይ ሊያፈሱልኝ ሲሉ ሳህኔን በሁለት እጄ ከለልኩ! መጾሜን በስንት መከራ ሳስረዳቸው እየሳቁ አንድ ክብ አይብ ጠቀለሉልኝ።

የዚህን አገር መታጠፊያ ካየሁ ወዲህ የኛ የሮኪ ተራሮች መንገድ እንደ ሰፈራችን ሃቫና ስትሪት ሜዳ ሆኖብኛል። አለቃሽ ፈቃድ ባይከለክልሽ ኖሮ አጠገቤ ተቀምጠሽ ትጮኺ ነበር።

ባልሽን ባሕሩን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ጾሙን አንቺ ቤት አብረን እንፈታበታለን ብዬ አይቡን ያንቺ ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አስሬለታለሁ።

ጌጤ