ደፉ ሳይሆን መቃኑ

ከዓይኔ ለራቀችው፣ ከሐሳቤ ግን አንድ ቀን ላልወጣችው ልጄ ይድረስ።

ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። አሁንም መሰላል እስከ አራተኛው እርከን እወጣለሁ፣ መስታወት በአንድ ጭረት እቆርጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥቤ ራሴ እተኩሳለሁ። ይህን የምነግርሽ ስለ ጤናዬ ስትጠይቂ እንዳትደክሚ ነው። አንቺስ ደህና ነሽ ወይ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ወገብሽስ ተሻለው? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ የትንሿ ሳል እንዴት ሆነ? እኔ ተመስገን ነው፣ ከጉልበቴ በቀር የሚከሰኝ የለም፤ እሱም የሚከሰኝ ስቀመጥ ነው። ስለዚህ አልቀመጥም። ይህንንም ቆሜ ነው የምጽፈው።

ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትሳቂ። ከበታቼ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ «አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር። ልጄን በሰው እጅ አላናግርም አልኳት። እንግዲያው ሲጨርሱ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ልላክላት፣ ወረቀቱ በኋላ ይድረስ አለች። እሺ አልኩ። የወሩ መጨረሻ ስድስት ቀን ነው የቀረው፤ ፖስታ ደግሞ እንደ እኔ ጉልበት ነው።

ከሄድሽ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። አልደወልሽም፣ እኔም አልደወልኩም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ፤ እናትሽ ነፍሷን ይማረውና የዋህ ነበረች። ለአንድ ሳምንት ብለሽ መጥተሽ ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተርሽ ላይ እንዳጎነበስሽ አለቀ። ምን ነካሽ ብልሽ፣ ፕሮግራሜ ከሰማይ ፎቶ ላይ ኮከብ እየለቀመ ይቆጥራል፤ አሁን ግን ካለው በላይ እጥፍ ድርብ እየቆጠረብኝ ነው፤ አለቃዬም እስከ ወር መጨረሻ ካላስተካከልሽው ሥራው ለሌላ ይሰጣል ብሎኛል አልሽኝ። ደፉን ከፍ ሳደርገው ደብዛዛዎቹ ኮከቦች ይቀሩብኛል፣ ዝቅ ሳደርገው ቆሻሻው ሁሉ ይገባል አልሽ።

ዕድሜዬን በርና መስኮት ስገጥም የኖርኩ ሰው፣ ደፍ የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። የምን ደፍ ብልሽ ሳቅሽ። የብርሃን ደፍ ነው፣ ከዚያ በላይ የደመቀው ገብቶ ይቆጠራል፣ ከዚያ በታች ያለው ደጅ ይቀራል አልሽኝ። ደፍማ አውቃለሁ። ከፍ ካለ ሽማግሌ ያደናቅፋል፣ ዝቅ ካለ ጎርፍ ያስገባል።

ገብቶኝ ነበር፤ አፌን ግን አልዘጋሁም። የመጨረሻው ቀን፣ ታክሲው ቆሞ እየጠበቀሽ፣ ያንን ክፉ ቃል ተናገርኩሽ። «የሌለውን ስትቆጥሪ ያለውን አጣሽው» አልኩሽ። ዞር ብለሽ አየሽኝና በሩን ሳትዘጊ ሄድሽ። ሳትዘጊ ልበል እንጂ፣ ያ በር ድሮም እሺ ብሎ አይዘጋም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ጓዳ እገባለሁ፣ ምን ልወስድ እንደገባሁ ይጠፋብኛል። ልብስ ሰፊዋ መጥታ፣ አባባ ኮቴዎን ስቆጥር መርፌው ጣቴን ወጋኝ፣ እኔንም እንደ ልጅዎ ቆጣሪ አደረጉኝ አለችኝ። ጣትሽን ጠብቂ አልኳትና መንጎራደዴን ቀጠልኩ።

ጠረጴዛው ላይ አራት ወረቀት ረስተሽ ሄደሻል፤ ያተምሻቸው የአንድ የሰማይ ክፍል ፎቶዎች፣ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቡ ጥቁር። አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። በሦስተኛው ቀን ሳያቸው፣ በአራቱም ወረቀት ግራ ጥግ ላይ፣ በዚያው በአንድ ቦታ፣ እንደ ዝንብ ኩስ የተበተኑ ሰባት ነጥቦች አገኘሁ። ጠረጴዛዬ ነው ያሳደፈባት ብዬ ደነገጥኩ። እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ አንዱን ወረቀት ፈተግኩት። መስታወት መስሎኝ። ኮከቦችሽ ተጨማልቀው ጭቃ ሆኑ፤ ሰባቱም ነጥቦች አብረው ቀለጡ። ያኔ ነው እድፉ ከጠረጴዛዬ ሳይሆን ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ መሆኑ የገባኝ።

መስታወት ገጣሚ አንድ ነገር ያውቃል። መስኮት ላይ ነጥብ ካየሽ ራስሽን ወደ ጎን ዘንበል አድርጊ። ከኋላው ያለው ዛፍ ሲንቀሳቀስ ነጥቡ ባለበት ከቀረ፣ እድፉ መስታወቱ ላይ ነው። አንቺም ፎቶ ባነሳን ቁጥር መሣሪያውን ትንሽ ፈቀቅ እናደርገዋለን ብለሽኝ ነበር። እንግዲያው ኮከብ ከወረቀት ወረቀት ቦታ ይለውጣል። ሰባቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከሰማይ አይደሉም፣ ከመሣሪያው ናቸው።

ይህንንማ አንቺም ታውቂዋለሽ። ደግሞስ ሰባት ነጥብ ቆጠራሽን እንዴት እጥፍ ድርብ ያደርጋል? ይህ ነገር ሳምንት ሙሉ አንቆራጠጠኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የተረፉትን ሦስት ወረቀቶች የመስኮቱ መስታወት ላይ ደራረብኳቸው፣ ብርሃኑ ከኋላ እንዲያሳያቸው። ሰባቱን ነጥቦች በነጥቦቹ ላይ ሳገጥማቸው እያንዳንዱ ኮከብ ሦስት ሦስት ሆነ። ኮከቡን በኮከቡ ላይ ሳገጥም ደግሞ ሁሉም አንድ አንድ ሆነና ሰባቱ ነጥቦች ሃያ አንድ ሆኑ። ቁጭ አልኩ። ከሄድሽ ወዲህ መቀመጤን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ልጄ፣ ፕሮግራሜ ፎቶዎቹን ደራርቦ ነው የሚቆጥረው ብለሽኛል። ሲደራርባቸው ምኑን ይዞ ነው የሚያገጥማቸው? ኮከቡን ነው እድፉን? እድፉን ከሆነ አንዱን ኮከብ ሦስት አድርጎ ይቆጥርብሻል፤ ደፉን ብታነሺው ብታወርጂው ምንም አይፈይድልሽም። ሰው በሩ አልዘጋ ሲለው የሚልገው ደፉን ነው። የታመመው ግን በሩን የተሸከመው መቃኑ ነው። እኔ ራሴ፣ ይህን ሥራ የማውቀው ሰውዬ፣ የቤታችንን በር እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ደፉን ስልግ ኖሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ቱምቢ በክር አውርጄ መቃኑን ለካሁት፤ ጣት ሙሉ ዘሟል።

ተሳስቼ እንደሆነ ሳቂብኝ፤ ሳቅሽም ናፍቆኛል። ልክ ከሆንኩ ደግሞ ለአለቃሽ፣ አባቴ መስታወት ገጣሚ ነው ብለሽ ንገሪው፤ የሚያሳፍር የለበትም። ብቻ ከመደወልሽ በፊት ወረቀቶቹን እንደገና አትመሽ መስኮት ላይ ደራርቢያቸው።

በሉ ሰላም ሁኑ። ዕዳ አለብኝ፣ የገንዘብ አይደለም፤ ማንም እንዲከፍልልኝም አልፈልግም። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ለመጽሐፍ መደርደሪያው መስታወት ቃል ገብቼለታለሁ፣ ስትመጡ ራሴ እቆርጥለታለሁና ከሱቅ እንዳይገዛ። ትልቁን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ መስታወት በአልማዝ እንዴት እንደሚቆረጥ አሳይሃለሁ ብዬዋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ኮከብ ቀን ቀን የት ይውላል ብላኝ አስቤ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። እያሰብኩበት ነው፣ አንቺ እንዳትነግሪያት። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች፤ የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወቷን ነገ እለውጥላታለሁ።

ላንቺ ያለብኝ ሁለት ነው። አንዱ ያበላሸሁት ወረቀት ነው። ሌላው በር ላይ የወጣኝ ቃል ነው፤ እሱን በደብዳቤ አልከፍለውም። መቃኑን አቃንቼ እጠብቅሻለሁ፤ ስትመጪ በሩን ራሴ ከፍቼ፣ ፊት ለፊትሽ ቆሜ እከፍለዋለሁ።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር 24 ቀን