ሹፌሩ ማርሽ ሳይቀይር

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱልሰመድ፤ ሰላምታዬ ደሴ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የውሃ ፓምፕ መሸጫ ውስጥ ሥራ ያዝኩልህ! ሥራ አስኪያጁ «የሽያጭ ልምድ አለሽ?» ቢለኝ፣ «በአውቶቡስ መስኮት ማንጎ ሸጫለሁ» አልኩት። አንተ እንዳስተማርከኝ፣ ሹፌሩ ማርሽ ሳይቀይር ተሳፋሪውን አሳምኜ፣ ብር ተቀብዬ፣ መልስ ሰጥቼ እንደምጨርስ ነገርኩት። ያኔ ድህነታችን ያሳፍረን ነበር፤ ሰውዬው ግን ይህን ሰምቶ፣ ስቆ ቀጠረኝ። አሁን ከሻጮቹ ሁሉ የሚቀድመኝ የለም።

ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። ትናንት አንድ ሽንኩርት አምራች ሳይገዛ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ፣ በታኮ ጫማ ከመስኮቱ ጎን እየሮጥኩ «ቅናሽ አለው!» እያልኩ እስከ ድልድዩ ተከተልኩት። ደንግጦ ቆመና ሁለት ፓምፕ አዘዘ። አለቃዬ እስካሁን ይስቃል።

ስልክህ ከረመዳን ወዲህ ዝግ ነው። ቻርጅ አልይዝ ብሎህ ይሆናል ብዬ ይህን በሰው እጅ ላክሁ። እማዬም ቻርጁ ነው ትላለች፤ ደግማ ደጋግማ ትላለች።

ከደሴ የሚመጣ አውቶቡስ ሲቆም ዛሬም ከሥራ ወጥቼ እሮጣለሁ፣ በየመስኮቱ አያለሁ። ተሳፋሪዎቹ «ማንጎው የታል?» ይሉኛል።

በል፣ አላህ ይጠብቅህ። ስትመጣ መስኮት ጋ ተቀመጥ።

እህትህ ጠይባ